ኦቦ ፉፋ የተሸከሙት ሐዲድ

ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት ስመለስ አውቶቡሱ ሲሬ ላይ ቆመ። ጎማ ነው አሉ። ረዳቱ «አሥር ደቂቃ ብቻ ነው አባቶች» ሲል፣ የአውቶቡስ አሥር ደቂቃ ስንት እንደሆነ ስለማውቅ ከዘራዬን ይዤ ወረድኩና አንዲት ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ባለሱቋ የጠየቅኳትን ውሃ ይዛ መጣችና ትክ ብላ አየችኝ። «መምህር ደምሴ አይደሉም? ያ ዋቃዮ! ሸመገሉ እኮ!» አለች። ጫልቱ ነበረች፣ የኦቦ ፉፋ ልጅ። ከአባቷ ቀብር ወዲህ አልተያየንም። እሷ በኦሮምኛ ስትጀምር እኔ በአማርኛ እየጨረስኩ፣ እኔ በኦሮምኛ ስመልስ እሷ በአማርኛ እየቀጠለች፣ የሰዉን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ደኅንነት ተጠያየቅን። ሰላምታው ሳያልቅ ሳቋ መጣባት። «አባቴ በዚያ በባቡሩ ወረቀት ላይ ያደረገውን ጉድ እስከ ዛሬ አልሰሙም አይደል?» አለችኝ። አልሰማሁም ነበር። ነገረችኝ። ረዳቱ ሦስት ጊዜ ከተጣራ በኋላ ተነሥቼ ተሳፈርኩ። የነገረችኝን በቦታው አመጣዋለሁ። አሁን ባወጣው ባቡሩን የማያውቅ ሰው ምን ያደርግለታል?

ነቀምት ባቡር ኖሯት አያውቅም። ያኔ «ባቡር» ሲባል ከተማው ሁሉ የሚያውቀው የእህል ወፍጮውን ነበር፤ «ባቡር ቤት ሄዳለች» የተባለች ሴት በርበሬዋን ልታስፈጭ ነው የሄደችው። እኔ የዕደ ጥበብ አስተማሪ ሆኜ ስቀጠር ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የተወለድኩት ጊዳ አያና ነው፤ አባቴ ከጎጃም ዓባይን ተሻግሮ የመጣ ገበሬ ሲሆን እኔ ሳልቀጠር ሞተ። የተከራየሁት ክፍል ከዐረቡ ሱቅ ጥግ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነበር፤ በወር አምስት ብር፣ ውሃ ቀጂዋን ጨምሮ። በአሥር ሳንቲም ሁለት እርሳስ ይገዛል፤ ያውም ጫፉ ላይ ላጲስ ያለው። ቴትሮን ሱሪ የመጣው ያን ጊዜ ነው። አንድ አሰፋሁና እሱን ለብሼ ስሄድ ጭቃው እንዳይነካኝ ከድንጋይ ድንጋይ ስዘል፣ ተማሪዎቼ ከኋላዬ እየዘለሉ ይከተሉኝ ነበር። ከጠጅ ቤቱ የሚወጣው የሬዲዮ ዘፈን እስከ ወፍጮው ይሰማል፤ ከዚያ ወዲያ ወፍጮው ይውጠዋል። እስከ ዛሬ አንዳንድ ዘፈኖችን የማውቃቸው እስከ ግማሻቸው ድረስ ብቻ ነው፤ ቀሪውን ወፍጮው ነው የወሰደብኝ። ዛሬ ያ ጥግ ባለ አራት ፎቅ ሆኗል፤ ዐረቡም ሱቁም የሉም።

በዚህች ባቡር በሌላት ከተማ አንድ የባቡር ሰው ነበሩ፤ አቶ ዘውዴ። የሸዋ ሰው ናቸው፤ በድሬዳዋ መስመር ላይ በትናንሽ ጣቢያዎች ሹም ሆነው ሠላሳ ዓመት ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ የሚስታቸው አገር ገቡ። ሚስታቸው አዴ ዲንቄ የነቀምት ልጅ ናት፤ እሑድ እሑድ እሷ ወደ ሚሲዮኑ፣ እሳቸው ወደ ማርያም ይሄዱና ምሳ ላይ ይገናኛሉ። አቶ ዘውዴ የጣቢያ ሹም ቆባቸውን አልጣሉም። ከአዲስ አበባ አውቶቡስ የሚገባበት ሰዓት ሲደርስ መንገድ ዳር ወጥተው፣ የኪስ ሰዓታቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። አውቶቡሱ በዝናብ ጊዜ ሁለት ቀን ይፈጅበታል፤ እሳቸው ግን ሾፌሩን «አንድ ሰዓት ከሃያ ዘግይተሃል» ይሉታል። ሾፌሩም እግዜር ይስጠው፣ «ይቅርታ ጌታዬ» ይል ነበር።

እኔን ያስጠሩኝ አናጢ መሆኔን ሰምተው ነው። ቤታቸው ዛሬ ቡርቃ ጃቶ በሚባለው በኩል ነበር። ከኋላ ካለው የእህል ጎተራ ክፍል አስገቡኝና አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ጥሎት የሄደ መጽሔት አሳዩኝ። ውስጡ ትንንሽ ባቡሮች ናቸው፤ እጅ የሚያክሉ ፉርጎዎች፣ የክብሪት ሳጥን የሚያክሉ ጣቢያዎች፣ ጠረጴዛ ላይ የተሠራ አገር። «የፈረንጅ ሽማግሌዎች ጡረታ ሲወጡ ይሄን ይሠራሉ» አሉኝ። «እኔም እሠራለሁ። አንተ እንጨቱን ትቆርጣለህ። ሞተሩን ከጅቡቲ አስመጣለሁ። ግን በመጀመሪያ ንድፍ! ያለ ንድፍ አንዲት ምስማር አይመታም!» እኔ የልጅ መጫወቻ መስሎኝ ልስቅ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ተውኩት።

ንድፉ የአንድ ቅርንጫፍ መስመር ነበር። ከዋናው ሐዲድ ተገንጥሎ፣ ቁልቁል ወርዶ ባሕር ዳር የሚያልቅ። እንዲህ ያለ መስመር በአገሩ የለም፤ አቶ ዘውዴ ከራሳቸው ያወጡት ነው። አራት ትልልቅ ወረቀቶች በዱቄት ሙጫ አጣበቅን፤ ሙጫውን ወዶት አይጥ አንዱን ጥግ በላው። የእውነቱ መቶ ክንድ በእኛ አንድ ክንድ ይሆናል አሉ። ጣቢያዎቹን ስም አወጡላቸው፦ ሁለት ዋርካ፣ ግመል ማረፊያ፣ ጨው ሜዳ። የመጨረሻው፣ ባሕሩ ላይ ያለው፣ ስም አልነበረውም። ለምን ብዬ ስጠይቅ «ስም በችኮላ አይወጣም» አሉኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እሳቸው በቀይ እርሳስ እኔ በጥቁር፣ ሐዲዱን እያጠፍን እየዘረጋን እንውላለን። አንድ ጊዜ በባሕሩ ቀለም ላይ ግማሽ ቀን ተከራከርን። የበር ቀለም ሰማያዊ ነው ያለን፤ እሳቸው አይደለም፣ አረንጓዴ ይቀላቀልበታል አሉ። አዴ ዲንቄ ወጥ ልታቀምሰን ገብታ ኖሮ ሰማችና «ዘውዴ፣ ባሕሩን ያየኸው መቼ ነው?» አለች። አቶ ዘውዴ ቀዩን እርሳስ መቅረጽ ጀመሩ። በኋላ እንዳወቅኩት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባቡር ወደ ባሕር ሲሸኙ ኖረው አንድ ቀን ተሳፍረው አላዩትም። ጣቢያውን ለማን ጥለው ይሂዱ?

አያንቱ ልጃቸው ናት፤ አንዲት ልጃቸው። ስልክ ቤት ትሠራለች፤ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፍታ ነቀምትን ከዓለም ጋር የምታገናኘው እሷ ናት። እኔ ስለ ፍቅር ብዙ ማውራት አልወድም፤ በዕድሜዬም አያምርም። ባጭሩ፣ ቅዳሜ ከሥራ ስትገባ ጎተራው በር ላይ ቆማ ወረቀቱን ታይና «ዛሬ ስንት ክንድ ተጓዛችሁ?» ትላለች፤ ያን ጊዜ ማስመሪያዬ ከእጄ ይወድቃል። በሦስተኛው ወር ላይ ጊምቢ ያለ የቡና ነጋዴ ለልጁ ሽማግሌ ልኮ እንደነበር ሰማሁ። አቶ ዘውዴ እሺም እንቢም አላሉም፤ «ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ» ብለው ሸኝተዋቸዋል። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም።

አባቴ ስለሌለ ወደ ኦቦ ፉፋ ሄድኩ። ኦቦ ፉፋ የሲሬ ገበሬ ናቸው፤ አባቴን በበሬ ገበያ ተዋውቀው፣ አንዱ ሌላውን በበሬ ሲያታልል ወዳጅ የሆኑ። ጃርሳ፣ የአገር ሽማግሌ ናቸው፤ በሁለቱም ቋንቋ ሰው የሚሰማቸው። ማንበብ አይችሉም፣ ባቡርም አይተው አያውቁም። ነገሬን ሰምተው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ግን አንተ ዘግይተሃል፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ» አሉና የትምህርት ቤቱን ዳይሬክተርና አንድ የጎጃም ነጋዴ ይዘው፣ እሑድ ማለዳ አቶ ዘውዴ ግቢ ገቡ። እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። አቶ ዘውዴ የእኔን ስም ሲሰሙ «የእኔ አናጢ?» ብለው ጮኹ።

እዚህ ላይ ነው የሠራሁት ስሕተት የገባኝ። ሽማግሌ የላከ ሰው ቃል እስኪሰጠው ድረስ የልጅቱን አባት ደጅ አይረግጥም። ነውር ነው። ስለዚህ ሽማግሌ በመላኬ ቅዳሜዬን በገዛ እጄ ቆረጥኩት፤ ጎተራውም፣ ወረቀቱም፣ «ስንት ክንድ ተጓዛችሁ» የምትለውም ቀሩብኝ። አቶ ዘውዴም ተናደዱ። «ልጄን መጠየቁ ይሁን፤ አናጢዬን ለምን ይወስድብኛል? ንድፉ ሳያልቅ ቃል አልሰጥም!» አሉ። ንድፉ እንዲያልቅ እኔ መምጣት አለብኝ፤ እኔ እንድመጣ ቃል መሰጠት አለበት። ቃል እንዲሰጥ ንድፉ ማለቅ አለበት። ዳይሬክተሩ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ፤ ይህ ነገር መፍቻ የለውም አሉ። ኦቦ ፉፋ ግን ብድግ ብለው «ወረቀቱ እግር ከሌለው እኔ እግር አለኝ። እሸከመዋለሁ» አሉ።

እናም ተሸከሙት። አቶ ዘውዴ ወረቀቱን ጠቅልለው በቆርቆሮ ቱቦ ከተቱት። ኦቦ ፉፋ በየገበያው ቀን ከሲሬ በጭነት መኪና ይመጣሉ፤ ቱቦውን ከአቶ ዘውዴ ተቀብለው ወደ እኔ፣ በሚቀጥለው ገበያ ከእኔ ተቀብለው ወደ አቶ ዘውዴ። ቱቦውን እንደ ጠመንጃ ትከሻቸው ላይ አንግተው በገበያው መሐል ሲያልፉ ሰዉ «ኦቦ ፉፋ፣ አደን ነው?» ይላቸዋል። «ኤዬ፣ ሴት ልጅ አደን» ይላሉ። በወረቀቱ ላይ አቶ ዘውዴ በቀይ ይጠይቃሉ፦ «ይህ ድልድይ በስንት እግር ይቆማል?» እኔ በጥቁር፣ በማስመሪያ፣ መልሱን አሰምራለሁ። ሽማግሌዎቹም እያደር ባለቤት ሆኑ። ኦቦ ፉፋ «ጨው ሜዳ ላይ ገበያ ከሌለ ሰው ለምን ይወርዳል?» ብለው ገበያ ተጨመረ። የጎጃሙ ነጋዴ ቤተ ክርስቲያን ካልተተከለ አልሸመግልም አለ፤ ተተከለ። አዴ ዲንቄ ይህን ሰምታ የሚሲዮን ትምህርት ቤት አስጨምራ ላከችው። ባሕር ዳሩ አገር እየሞላ ሄደ። ዐቢይ ጾም ግን እየቀረበ ነበር፤ ከጾም በፊት ቃል ካልተሰጠ በጾም ሠርግ የለም፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ጊምቢዎቹ ይመለሳሉ።

ጾም ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ቱቦው መጣ። ንድፉ አልቋል። ከታች በቀይ እርሳስ አንድ ነገር ብቻ ተጽፏል፦ «የጎደለ ካለ ይናገር።» ሦስት ቀን አፈጠጥኩበት። በሦስተኛው ቀን አየሁት። ባቡሩ ባሕሩ ጋ ይደርሳል፤ ሐዲዱ እዚያ ያልቃል፤ በቃ። ሞተሩ ፉርጎዎቹን ፈትቶ፣ በጎን ዞሮ፣ በሌላው ጫፍ መጥቶ የሚጎትትበት ትርፍ ሐዲድ የለም። በመጽሔቱ ውስጥ ባሉት ጣቢያዎች ሁሉ አለ፤ እኔ እንኳ ከሥዕሉ ተምሬዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ጣቢያ የመሩ ሰው ይህን ይረሳሉ? ከረሱ፣ «ረስተዋል» ብዬ ለወደፊት አማቴ ልጻፍ? ካልረሱ፣ እየፈተኑኝ ከሆነስ? ብናገር ደፋር፣ ዝም ብል ደንቆሮ። ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብቼ የስልኩን እጀታ አሽከረከርኩ። «ነቀምት» አለች አያንቱ። ድምፅዋን ስሰማ ልጠይቃት ያሰብኩት ጠፋኝ። «ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ» አልኩ። «መምህር፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚሳሳት ሰው አይቼ አላውቅም» ብላ ዘጋችው።

ይሉኝታ ያሳደገው ሰው ምን ያደርጋል? ዝም አይነቅዝም አልኩ። በወረቀቱ ግርጌ፣ በማስመሪያ ሁለት መስመር አስምሬ በመካከሉ «ምንም የጎደለ የለም» ብዬ ጻፍኩ። ኦቦ ፉፋ ሲመጡ «ምን ብለህ ጻፍክ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። አንዴ እኔን፣ አንዴ ወረቀቱን አዩና በኦሮምኛ «ጋሪ፣ መልካም» ብለው ጠቀለሉት። የዚያን ቀን አቶ ዘውዴ አርጆ ለቀብር ሄደው ስለነበር ቱቦው ከኦቦ ፉፋ ጋር ሲሬ ሄዶ ሰነበተ፤ ለሚቀጥለው ገበያ ተመለሰ።

እሑድ ማለዳ ሽማግሌዎቹ ለመጨረሻ ጊዜ ሄዱ። እኔ ክፍሌ ውስጥ ቴትሮን ሱሪዬን ለብሼ፣ ያለ ምክንያት አንድ ጣውላ ስልግ ነበር። ዳይሬክተሩ እየሮጡ መጡ፤ ዳይሬክተር ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «አንተ! ያ ምን ዓይነት ድፍረት ነው? በአፍህ የለም ብለህ በእጅህ ታሰምራለህ?» አሉኝ። «ምኑን?» ልል አፌ ላይ ደረሰና ዋጥኩት። ነገሩን ሲተርኩልኝ፣ አቶ ዘውዴ ወረቀቱን ዘርግተው ሲያዩ በባሕሩ ጫፍ ላይ በእርሳስ የተሰመረ አንድ ትርፍ ሐዲድ አገኙ፤ ከመጨረሻው ጣቢያ ተነሥቶ በጎን ዞሮ ወደ መጣበት የሚመለስ። ጣታቸውን በላዩ አስኬዱ። መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህን ማን አሰመረ?» አሉ። ኦቦ ፉፋ ዘንጋቸውን ያያሉ። ያኔ አቶ ዘውዴ «ልጁ በአፉ የለም አለ፤ እጁ ግን ተናገረ። ይሁን። ተቀመጡ» አሉ። ቃል ተሰጠ ማለት ነው።

እኔ ያንን መስመር አላሰመርኩም። ወረቀቱን በኋላ ሳየው ጠመም ያለ፣ የሚንቀጠቀጥ መስመር ነው፤ አጠገቡ ደግሞ ውሃ የነካው የመሰለ ጠይም ነጠብጣብ አለ። አቶ ዘውዴ ራሳቸው ያሰመሩት መሰለኝ፤ የረሱትን አይተው፣ ልጃቸውን ለመስጠትም ሰበብ ፈልገው። ይህን ማመን ለእኔም ምቹ ነበር። በሠርጉ ሦስተኛ ቀን አያንቱ «ያችን መስመር ባታሰምር ኖሮ እሺ አልልም ነበር። አባቴን የደፈረ ሰው አይቼ አላውቅም» አለችኝ። ሰው እውነቱን የሚናገርበት ጊዜ ቢኖር ያ ነበር። እኔ ግን ጋቢዬን አስተካከልኩ።

መልስ ሲጠሩን አያንቱ ወደ አባቷ ቤት እንደ እንግዳ ገባች፤ እኔም ከአምስት ወር በኋላ ያንን ደጅ በክብር ረገጥኩ። አቶ ዘውዴ ሙዳ ሥጋው ሳይቀርብ ተነሥተው ወደ ጎተራው ወሰዱኝ። ከዚያ ወዲያ ለሁለት ዓመት እንጨት ቆረጥን። ሁለት ዋርካ ተሠራ፤ ግመል ማረፊያም ከነግመሉ። የድልድዩ አምስት እግሮች ቆሙ። ሞተሩ ከጅቡቲ አልመጣም፤ እኔ ከዋንዛ ጠርቤ አንድ ሠራሁ፣ አቶ ዘውዴ በጣታቸው እየገፉ ከሁለት ዋርካ ግመል ማረፊያ ያደርሱታል፣ ሰዓታቸውንም ያያሉ። ባሕሩን ሳንቀባ ሞቱ። ከዚያ ዘመኑ ሌላ ዘመን ሆነ፣ ጎተራውም ሌላ ሰው ገባበት፤ ያን ማውራት አልፈልግም። ሐዲዱን የሠራንባቸውን ሰሌዳዎች አውጥቼ መደርደሪያ አደረግኳቸው። እስከ ዛሬ የስኳሩ ቆርቆሮ የሚቀመጠው ጨው ሜዳ ላይ ነው። ቱቦው ቁም ሣጥን ላይ ተሰቅሎ ቀረ። አያንቱና እኔም ባሕር ሳናይ ይኸው አረጀን።

እንግዲህ የጫልቱን ነገር ላምጣው። በዚያ ሳምንት ቱቦው ሲሬ ሲያድር፣ አባቷ ወረቀቱን መደብ ላይ ዘርግተው ከጠዋት እስከ ከብት መግቢያ አፈጠጡበት። እሷ ያኔ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። «ይሄ ባቡር ባሕሩ ጋ ደርሶ ሊሞት ነው?» አሏት። «በሬ እንኳ ትልም ሲጨርስ ዞሮ ይመለሳል። ልጅቷስ? ይሄ ልጅ የሰው ልጅ ወስዶ በየት ሊመልስ ነው?» ከቦርሳዋ እርሳስ አወጡ። እርሳስ ይዘው አያውቁም፤ እንደ ዕርፍ ነው የጨበጡት። በሬ የእርሻ ዳር ላይ እንደሚዞረው አድርገው አዞሩት። ከጨረሱ በኋላ ደነገጡ፤ በምራቃቸው ሊያጠፉት ሞከሩ፣ ተበከለባቸውና ተዉት። «ያሰመረው ልጁ ነው። የሌላ ሰው ነው ከተባለ ለሱ ውርደት ነው» ብለው ጫልቱን አስማሏት። «አሁን እኮ ሁላችንም አርጅተናል መምህር፤ መሐላውም አርጅቷል» አለችኝና ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። አፈርኩ። ያ ጠይም ነጠብጣብ የኦቦ ፉፋ ምራቅ ነበር፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ አጠገቤ ተቀምጧል።

ቤት ስደርስ አያንቱ በረንዳ ላይ ባቄላ ትፈለፍል ነበር። ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ነገርኳት፤ ሁሉንም፣ «ምንም የጎደለ የለም» ያልኩትን ጨምሮ። እሷ ከባቄላው ቀና አላለችም።

«ታዲያ ይሄን ለመናገር ሲሬ ድረስ ሄዶ ጎማ ማፈንዳት ነበረብህ?» አለች።

«ታውቂ ነበር?»

«ደምሴ፣ አንተ ያለ ማስመሪያ መስመር አስምረህ ታውቃለህ? የበርበሬና የጨው ዝርዝር ስትጽፍ እንኳ በማስመሪያ ነው። ወረቀቱን ያየሁ ቀን አወቅሁ።»

«እንዴ! ታዲያ በሠርጋችን ለምን እንደዚያ አልሽኝ?»

«አንድ ቀን እውነቱን ትነግረኛለህ ብዬ ነዋ። አንድ ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት ዓመት መስሎኝ ነበር።» አሁን ቀና አለች። «አባባም ያውቅ ነበር። ሽማግሌዎቹ እንደወጡ ጠራኝና 'ለአናጢው አልሰጠሁሽም' አለኝ። 'አናጢው ፈሪ ነው፤ አይቶ እንዳላየ ሆነ። ያን መመለሻ ሐዲድ ሆን ብዬ ነው ያስቀረሁት፤ አንቺ ከሄድሽ ምን ይመለሳል ብዬ። የሰጠሁሽ ባቡር አይቶ ለማያውቀው፣ ሐዲዱን እንደ በሬ ትልም ላዞረው ለሽማግሌው ነው። መመለሻሽን ያሰበልሽ እሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከኋላው የቆመ፣ ፈሪም ቢሆን አይጥልሽም።'»

ተቀመጥኩ። ሌላ ምን ላድርግ? በሃምሳ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ቀን አላፈርኩም፤ እንደዚያ ቀንም ቀለል ብሎኝ አያውቅም። ኦቦ ፉፋን አንድ ቀን እንኳ አላመሰገንኳቸውም። አመሰግናለሁ የምለው ነገር መኖሩን መች አወቅሁና። ቀብራቸው ላይ አፈር ከመጣል በቀር ያደረግሁላቸው የለም።

አያንቱ ባቄላዋን ወደ ጎን አድርጋ ገባችና ቱቦውን አውርዳ መጣች። ወረቀቱ እየተሰነጠቀ ነው የተዘረጋው። ጥጉ አይጥ የበላው፣ ቀዩ እርሳስ የደበዘዘ፣ ያች መስመር ግን ጥርት ብላ አለች። ጣቷን የአባቷ ጽሑፍ ላይ አኖረች።

«ይኸው፣ እስከ ዛሬ አልመለስክለትም» አለች። «የጎደለ ካለ ተናገር።»

ከልማድ የተነሣ በዓይኔ ማስመሪያዬን ፈለግሁ። አይታኛለች፤ ክንዷን ማስመሪያው ላይ አሳረፈችበት። ወረቀቱን ከሁለት ዋርካ ጀምሬ ቁልቁል አየሁት፤ ገበያውን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ትምህርት ቤቱን አልፌ ባሕሩ ጋ ደረስኩ።

«የመጨረሻው ጣቢያ ስም የለውም» አልኳት።

እርሳስ ሰጠችኝ። ያለ ማስመሪያ ፊደሎቹ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ሄዱብኝ። «ፉፋ» ብዬ ጻፍኩ።